የኤገርት ቧንቧዎች

ጦርነቱ ሦስተኛ ዓመቱን ሲያገባድድ፣ ድስቱንና ደወሉን ሊያቀልጥ የሰበሰበው የጀርመን መንግሥት ዓይኑን በየቤተ ክርስቲያኑ ባለው ትልቅ ባለ ቧንቧ የዜማ መሣሪያ፣ በኦርጋኑ ላይ ጣለ። ከፊት ተደርድረው የሚያበሩት ቧንቧዎች ጥሩ ቆርቆሮ ናቸው፤ ቆርቆሮ ደግሞ ለጦሩ ያስፈልጋል። የኦስተርሁም መንደር ኦርጋን ሠሪ ዊያርድ የጎረቤት መንደሮችን ቧንቧዎች በገዛ እጁ አወረደ። እምቢ ቢል ወታደሮቹ ኦርጋኑን በመዶሻ እየሰባበሩ ያወርዷቸው ነበር። ይህን የተረዳለት ሰው ግን አልነበረም፤ በሄደበት ሁሉ "ቁራው መጣ" ይሉታል።

ተራው የራሱ መንደር ሲደርስ ፓስተር ኦኖ ሥራ ቦታው ድረስ መጡ።

"ስማ ዊያርድ፣ የጥንት የሆነውን አይነኩም አሉ። የኛ እኮ ሁለት መቶ ዓመት አልፎታል።"

"ሣጥኑና ወናፉ አዎ። የፊቶቹን ቧንቧዎች ግን አያቴ ናቸው የሠሯቸው፤ እርስዎም ያውቃሉ።"

"እኔ አውቃለሁ፤ ሊመረምር የሚመጣው መቶ አለቃ አያውቅም። የሚጠይቀውም አንተን ነው።"

ዊያርድ ወደ ሥራው ዞረ። አያቱ ኤገርት ከሠሯቸው ሁሉ የተረፉት እነዚህ ብቻ ነበሩ፤ የቀረውን እሳትና ነቀዝ በልቶታል። በማግስቱ መሰላል ወጥቶ ከኦርጋኑ ጀርባ ገባ። በትልቁ ቧንቧ ጀርባ ሽማግሌው ስማቸውን ጭረው ነበር፤ በቢላዋ ፋቀው። ሲወርድ የኤገርት ልጅ፣ እናቱ ጌስኬ፣ ከታች ቆማለች። እጁ ላይ ያለውን የቆርቆሮ ብናኝ አይታ ዞራ ሄደች።

መቶ አለቃው ጉንፋን የያዘው፣ ቶሎ ጨርሶ ለመሄድ የቸኮለ ሰው ነበር። መንደርተኛው ቤተ ክርስቲያኑን ሞልቶታል።

"ማን ነው የሠራቸው?"

"ኦርጋኑን የሠራው ሰው ራሱ" አለ ዊያርድ።

"አዲስ ይመስላሉ።"

"ስለሚወለወሉ ነው።"

መቶ አለቃው አላመነም። ዞር ሲል ከፊት የተቀመጠችውን አሮጊት አየ። "እማማ፣ እርስዎስ? ሲሠሩ አያስታውሱም?"

ዊያርድ ዓይኑን ከወለሉ አላነሳም።

ጌስኬ ቀስ ብላ ተነሣች። "አባቴ ኦርጋን ጠጋኝ ነበር" አለች። "ቀዳዳ ይደፍናል፣ ወናፍ ይለጥፋል። እንዲህ ያለውን ሥራ ከየት አባቱ ያመጣዋል!"

ከኋላ አንድ ሰው ሣቀ። መቶ አለቃው አፍንጫውን ጠርጎ ሄደ። ቧንቧዎቹ ተረፉ።

ቤት ሲደርሱ ዊያርድ "እማ..." ብሎ ጀመረ።

"ተወኝ። አንተ ስሙን ፋቅህ፣ እኔ ሞያውን። እኩል ነን።" ሾርባውን ቀዳችለትና እሷ ሳትበላ ተኛች።

ጦርነቱ ካለቀ ከዓመታት በኋላ አንድ የሙዚቃ ምሁር ከሃኖቨር ከተማ መጣ። ቧንቧዎቹን ሰምቶ፣ "እንዲህ ያለ እጅ ከጥንቶቹ ጋር ተቀብሯል" አለ። ፓስተር ኦኖ ሊያርሙት አፋቸውን ሲከፍቱ ጌስኬ ክንዳቸውን ያዘች።

"ይተዉት፣ ፓስተር። ደስ ብሎት ይሂድ።"

ምሁሩ ከሄደ በኋላ ልጇን "ውጣና ትልቁን ቧንቧ አሰማኝ" አለችው። ዊያርድ ወናፍ የሚረግጥ ሰው ጠርቶ ወጣ። ድምፁ ወለሉን አልፎ እግሯ ሥር ሲደርስ፣ በትሯን ተደግፋ እስኪያበቃ አዳመጠች። ልብስ አስጥታ ስለነበር ግን በመስኮቱ ደመና አይታ ወደ ቤቷ ፈጠነች።