የአውሮፕላን ማንጎ

ከአሶሳ ድሬዳዋ በቀጥታ የሚበር አውሮፕላን ነበረን። ሐሙስ ሐሙስ። ያመጣችው አንዲት ትንሽ የግል አየር መንገድ ናት፤ «ረጅሙ በረራችን» እያለች ትኮራበት ነበር። እኛ ቤት ግን የማንጎ አውሮፕላን ነበር የምንለው።

እህቴ ሰገነት ድሬዳዋ ነው ያገባችው። ሐሙስ ጠዋት እናቴ ከጓሯችን ዛፍ የበሰለውን ትለቅማለች። እኔ ካርቶኑን በባጃጅ ይዤ ኤርፖርቱ በር ላይ እቆምና፣ ፊቱን አይቼ ለመረጥኩት መንገደኛ አደራ እሰጣለሁ። እዚያ ባሏ ይቀበላል። አንዴ ተሳስቼ ለአንድ የግድብ መሐንዲስ ሰጠሁ፤ ሁለቱን መንገድ ላይ በልቶ ለባሏ «ይጣፍጣል» አለው። ቢያንስ አልዋሸም። አውሮፕላኑ በጣሪያችን ላይ ሲያልፍ እናቴ ቀና ትልና «ደረሰላት» ትል ነበር፣ ገና ከአሶሳ ሳይወጣ።

ዘንድሮ ሰገነት አረገዘች። የበላችው ሁሉ ያስመልሳታል፤ የሚረጋላት የጓሯችን ማንጎ ብቻ ነው። ልክ በዚህ ጊዜ አየር መንገዷ መንገደኛ አነሰኝ ብላ በረራውን አቆመች።

በመጨረሻው በረራ ሐሙስ የመረጥኩት ጎረምሳ እምቢ አለ።

«ምን እንዳለበት በምን አውቃለሁ?»

ካርቶኑን ከፍቼ አንዱን ገመጥኩለት። «ይኸው፣ ጋሼ። ከሞትኩ አትውሰደው።»

የበሩ ጥበቃ ሚፍታህ ሳቀ። «ወላሂ፣ ካልወሰድክላት አታሳልፍህም።»

ወሰደው።

በሳምንቱ ስነሳ እናቴ እጇ ለምዶ ካርቶኑን በበሰለ ማንጎ ሞልታዋለች። ምን ላድርግ፣ በአዲስ አበባ በኩል በአውቶቡስ ልልከው መናኸሪያ ወሰድኩት። የአውቶቡሱ ረዳት ዱጋሳ በጣቱ ጫን ጫን አደረገው።

«እናትሽ አሁንም በአውሮፕላን ነው እንዴ የምታስበው? ይሄ አዲስ አበባ ሳይደርስ ጭማቂ ይሆናል። እንደ ድንጋይ የጠጠረውን አምጪ።»

እናቴ ጥሬውን በዘንግ ስታወርድ «ይሄ ለነፍሰ ጡር ይላካል?» እያለች ነበር።

በስንት መከራ ደርሶ ሰገነት ደወለች።

«እማዬ፣ እስኪበስል አልጠበቅኩም።»

«ውይ ልጄን። ከዚያስ?»

«በጨውና በሚጥሚጣ በላሁት። ረጋልኝ። ጥሬ እየሰረቅን ስንበላ በአለንጋ ስታባርሪን ትዝ ይልሻል?»

«ሆዳችሁን እንዳይቆርጣችሁ ብዬ ነው» አለች እናቴ።

ስልኩ እንደተዘጋ ወደ ዛፉ እያየች «በይ ውጪ» አለችኝ። ከላይ ስወረውርላት በቀሚሷ ትቀበለኝ ጀመር። አንዱን እዚያው ቅርንጫፉ ላይ ቁጭ ብዬ በላሁት። አይታኛለች፤ አለንጋ ግን አልፈለገችም።