«ሦስት እጥፍ» የሚለው ፖስተር

ማርሊስ ኦከርሉንድ ማዲሰን ከተማ ውስጥ ዳታቤዝ፣ ማለትም መዝገብ የሚያከማች ፕሮግራም፣ ሠርቶ በሚሸጥ መሥሪያ ቤት ከእኔ ጎን ትሠራ ነበር። ሥራዋ ፍጥነት መለካት ነው፤ እሷ ያልፈረመችበት ቁጥር ከቢሮው አይወጣም።

የካቲት ላይ ለሙያችን ዓመታዊ ጉባኤ አሥር ቀን ሲቀረው የሽያጭ ኃላፊው ዱዌን ግድግዳ የሚያህል ፖስተር ይዞ መጣ። «ከሚልዋኪው ተፎካካሪ ሦስት እጥፍ እንፈጥናለን!» ይላል። ልኬቱ የተሠራው ማርሊስ ዕረፍት ላይ ሳለች ነው። የልኬቱን ማስታወሻ ከፍታ ስታይ፣ የእኛን ለማሰናዳት ሁለት ሳምንት ፈጅተናል፤ የእነሱን ግን ከተጫነ ወዲህ ማንም አልነካውም። ከማሽኑ ሜሞሪ እንኳ የሚጠቀመው ቁራሹን ብቻ ነበር።

«እዚህ ላይ አልፈርምም» አለችው።

«ምነው፣ ቁጥሩ ውሸት ነው?»

«ቁጥሩስ እውነት ነው፤ ውሸቱ ሩጫው ነው። ለእኛው ጫማውን አሰርንለት፣ የእነሱን እግሩን አሰርነው።»

«እነሱ ሲለኩን የሚያዝኑልን መሰለሽ?»

«አይመስለኝም። ግን የራሳቸውን ባለሙያ እጠራለሁ፤ የእነሱን ራሳቸው ያሰናዱት።»

ዱዌን በሳቅ ፈነዳ። «ጅብን ሥጋ ጠብቅ ልትዪው ነዋ!»

በዚያው ቀን ደወለች። የሚልዋኪዋ ባለሙያ ኮሪን ባቲስት መጀመሪያ ወጥመድ መስሏት ነበር። ማክሰኞ ግን በረዶውን ሰንጥቃ፣ ትኩስ አይብ በከረጢት ይዛ መጣች። ሁለት ቀን ሙሉ ማሽናችን ላይ ተቀምጣ የራሷን ስታስተካክል ዋለች።

ሐሙስ ለካን። መዝገብ በመጻፍ የእነሱ የእኛን እጥፍ ቀደመ። ዱዌን ክፍሉን ጥሎ ወጣ። ማርሊስ ግን ዓይኗን ከስክሪኑ አልነቀለችም።

«ኮሪን፣ ይሄ ነገር ዲስኩ ላይ ሳይጽፍ፣ መብራት ሲጠፋ በሚጠፋው ሜሞሪ ብቻ ይዞ ነው እንዴ ‹ተቀብያለሁ› የሚለው?»

ኮሪን አቀረቀረች። «ለልኬት ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው።»

ማርሊስ ልኬቱን እንደገና አስጀመረችና፣ በመሃል ጎንበስ ብላ የማሽኑን የኤሌክትሪክ ገመድ ከግድግዳው መንጭቃ ነቀለችው። ማሽኑ ተመልሶ ሲነሣ፣ «ተቀብያለሁ» ካለው ውስጥ አንድ ሺህ አራት መቶ መዝገብ የለም።

«ከነዚህ አንዱ የበሽተኛ መድኃኒት ቢሆንስ?»

ኮሪን ጆሮዋ ድረስ ቀላች። «የእናንተስ?»

«ያው ገመዱ፤ ራስሽ ንቀዪው።»

ነቀለችው። ከእኛ ምንም አልጠፋም። ኮሪን እጅጌዋን ሰብስባ የራሷን ቅንብር መጀመሪያ ዲስኩ ላይ እንዲጽፍ መለሰች፤ ከዚያ እያንዳንዱ ልኬት ከባዶ እንዲጀምር ማሽኑን በየጊዜው እያጠፋን እያበራን ሁለቱንም አምስት አምስት ጊዜ ለካን። በማንበብ እኛ አንድ አምስተኛ ያህል ቀደምን፤ በመጻፍ እነሱ አንድ አሥረኛ።

«ይሄንን ማን ያነብልኛል?» አለ ዱዌን ተመልሶ መጥቶ።

«የሚገዛው ሰው» አለች ማርሊስ፣ ፈረመችም። ፖስተሩ ሳይሰቀል ቀረ። ውጤቱ የሁለቱን ሴቶች ስም ይዞ፣ ከነሙሉ ቅንብሩ ወጣ፤ ያላመነ ራሱ ይሞክረው ተብሎ።

ዱዌን እስከ ሚያዝያ አኮረፋት። አንድ ሆስፒታል ብዙ መዝገብ ስለሚጽፍ የሚልዋኪውን ገዛ፤ ሁለት ቤተ መጻሕፍት ደግሞ ማንበቡ ስለሚበዛባቸው እኛን መረጡ።

ግንቦት ላይ ኮሪን ደወለች። «አለቆቼ በዚያ ውጤት ጥምድ አድርገው ይዘውኛል። ቢሆንም አዲሱን እትማችንን እዚህ እንለካው፤ የእናንተን አንቺ መጥተሽ አሰናጂው።»

«ማሽኑ ሜሞሪው ስንት ነው?» አለች ማርሊስ፣ እስክሪብቶ እየፈለገች።