አንቀጽ ዘጠኝ

«ፈርመው ያሳልፉት እንጂ ሲስተር፤ ከኋላዎ ሰው አለ» አለ ከጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠው የሥራ ስምሪት ኃላፊ።

ሲስተር ብዕሩን አላነሳችም። ጣቷ በባዕድ ቋንቋ የተጻፈው የሥራ ውል አምስተኛ ገጽ ላይ ተተክሎ ቀርቷል። ያለ ጊዜያቸው በተወለዱ ሕፃናት ክፍል አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች፤ አውራ ጣት የማታህል ክንድ ላይ ደም ሥር ፈልጋ መርፌ ስታስገባ እጇ ተንቀጥቅጦ አያውቅም። አሁን ግን ወረቀቱን በጥፍሯ ልትበሳው ደረሰች። ንዴት ነው።

የአገሯና የአንድ ባዕድ አገር መንግሥታት ነርሶችን ለመላክና ለመቀበል የተስማሙ ጊዜ ዜናው በቴሌቪዥን ሦስት ቀን ሙሉ ተነግሯል። ባሏ ደስታውን መያዝ አቅቶት ለጎረቤቱ ሁሉ ነዛው። እሷም ከሆስፒታሉ በገዛ ፈቃዷ ለቀቀች፤ መልቀቂያ ያላመጣ አይፈርምም ተብሎ ነበርና። በቦታዋ ሌላ ሰው ተተክቷል። ወደ ኋላ ቢሉ ገደል ነው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እዚህ ላይ የሥራ መደቡ ‹የአረጋውያን ረዳት› ይላል። እኔ እኮ ነርስ ነኝ።»

«እሱ ለመግቢያ ያህል ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ይታያል።»

«ማነው የሚያየው?»

«እነሱ ናቸዋ!» ሰውየው ፈገግ አለ። «ደግሞ በራሳችን ቋንቋ አንድ ገጽ ማጠቃለያ ሰጥተናችሁ የለም? በውሉ አሥራ ሁለት ገጽ ለምን ይደክማሉ?»

«ስምንት ወር ሙሉ የእነሱን ቋንቋ ያስጠናችሁኝ እናንተ! ፈተናውን ካላለፍሽ አትሄጂም ያላችሁኝ እናንተ! ታዲያ አልፌ ሳነብ ምን ያስደነግጣችኋል?»

ከኋላዋ የተሰለፉት ሳቁ። ከጎኗ የቆመችው ወጣት ነርስ ግን አልሳቀችም። ለሁሉ ነገር ስለምትቸኩል ሆስፒታል ውስጥ «ጥድፊያ» ይሏታል፤ ሥራውን ያሳየቻት ሲስተር ናት። ሳታነብ ፈርማ፣ ቀለሙ እንዲደርቅ ወረቀቷን ታራግባለች።

«ሲስተርዬ፣ በናትሽ ፈርሚና እንሂድ» ብላ እጅጌዋን ሳበቻት። «ጠብ ካማረሽ እዚያው ሄደን እንጣላቸዋለን።»

ሲስተር ገጹን ገለጠች። አንቀጽ ዘጠኝን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ሦስት ዓመት ሳይሞላት ውሉን ያቋረጠች ሠራተኛ፣ ምክንያቷ ምንም ይሁን ምን፣ የሙያ ፈቃዷ በአገሯ ለአምስት ዓመት ይታገዳል። ማጠቃለያው ላይ እንዲህ የሚል ነገር የለም።

«ይሄን የጠየቁት እነሱ ናቸው?»

ኃላፊው ማኅተሙን ከቦታው አንስቶ መልሶ አስቀመጠው። «እነሱ ዋስትና ይኑረን አሉ። ይሄን ያቀረብነው … እኛ ነን።»

«እናንተ?»

«ስምምነቱ የመንግሥትና የመንግሥት ነው፣ ሲስተር። እኔና እርስዎ አንጨምርበትም፣ አንቀንስበትም።»

ደሟ ፈላ። ባዕድ ቢጨክን ባዕድ ነው፤ ይሄኛው ገመድ ግን የተገመደው በገዛ ቤቷ ነው። አንቱታው ከአፏ ወደቀ።

«ስማ አንተ! አሠሪዬ ቢደበድበኝስ? ደሞዜን ቢከለክለኝስ? አምልጬ ስመጣ እናንተ ደግሞ በሩን ልትዘጉብኝ ነው?»

«ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ። ካልፈለጉ ይተዉት፤ የሚፈልገው ሞልቷል።»

ጥድፊያ ወረቀቷን ማራገብ አቆመች። «ሲስተርዬ፣ ምንድን ነው የሚለው?»

ሲስተር አየቻት። ከዚያ በሩን አየች። ወረቀቱን ጥላ ብትወጣ የሚፈርድባት የለም። ሰልፉ ግን ከአዳራሹ እስከ ኮሪደሩ መጨረሻ ተዘርግቷል፤ ሁሉም ያችኑ የአንድ ገጽ ማጠቃለያ ይዘዋል።

አንድ ወንበር እየጎተተች ወስዳ አዳራሹ መሃል አስቀመጠችው። ጀርባዋን ለጠረጴዛው፣ ፊቷን ለተሰላፊዎቹ ሰጥታ ተቀመጠች።

«ሲስተር፣ ምን እያደረጉ ነው? ጥበቃ ልጥራ?»

«ጥራ» አለችው ዞር ሳትል። ከዚያ የመጀመሪያውን ገጽ ገለጠች። «ጠጋ በሉ። ከላይ ጀምሬ አንድ በአንድ በራሳችን ቋንቋ አነብላችኋለሁ፤ ያልገባው ያስቁመኝ።»