ስለ ሲጋራ የተመታው ሚስማር

ኅዳር አሥራ ሰባት ቀን ነበር፤ ማክሰኞ ጠዋት። ሽቦ የሚባለው ወጣት አናጢ ያን ጊዜ ዕድሜው አሥራ ዘጠኝ ነበር። ቅጽል ስሙን ያወጡለት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው፤ ቅጥነቱን አይተው «ይህ ልጅ ቢጎትቱት ይረዝማል እንጂ አይበጠስም» ይሉት ነበር። በዚያ ጠዋት ቁርስ ቀርቦለት አልበላም። ልቡ ከእርሱ ቀድሞ ከቤት የወጣ ይመስል መንገዱን በሩጫ ጨረሰው። ሚስማር ሊያስመታ ነው።

የሚስማሩን ነገር ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይገባል። በእንጨት ሥራ ቤቱ መካከል፣ በመጋዙና በመላጊያው ማሽን መሐል፣ አንድ ወፍራም ጉማጅ ግንድ ቆሞ ነበር። ከሠራተኞቹ አንዱ የቤቱን ደንብ ለማስለወጥ የፈለገ እንደሆነ ረጅም ሚስማር ይዞ ይመጣል፤ ሐሳቡን ይናገራል፤ ሚስማሩን በግንዱ ላይ አቁሞ በመዶሻ አንድ ጊዜ ይመታል። ሐሳቡን የወደደ ሁሉ በተራው እየተነሣ አንዳንድ ጊዜ ይመታል፤ ያልወደደ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ሚስማሩ እስከ አናቱ ከገባ ሐሳቡ ደንብ ይሆናል። ከጎበጠ፣ ወይም አንገቱ ከላይ ከቀረ፣ በጉጠት ተነቅሎ ይጣላል፤ ነገሩም በዚያው ዓመት ዳግመኛ አይነሣም። በግማሽ ልቡ የመታ ሰው ቢኖር ሚስማሩ ራሱ ያጋልጠዋል።

ሽቦ ሊያስለውጠው የፈለገው ደንብ የሲጋራው ነበር። ቤቱ ሰጋቱራና ፍቅፋቂ የሞላበት ስለሆነ ውስጥ ማጨስ ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ስለዚህ አጫሾቹ ረፋድ ላይ በጓሮው በር ይወጡና ከግድግዳው ሥር ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ይደረደራሉ። ዕድሜው ሃያ አንድ ያልሞላ ሠራተኛ ግን ወደዚያ አግዳሚ እንዳይቀርብ አለቃው ከልክለዋል። እኒህ አለቃ የሽቦ እናት ወንድም ናቸው፤ እርሱን ያሳደጉትም እርሳቸው ናቸው። ክልከላውን ያወጡት ለወጣቶቹ ሳንባ አስበው ነው። ይሁን እንጂ አግዳሚው የሲጋራ ብቻ አልነበረም። የትኛው ሥራ ለማን እንደሚሰጥ የሚወሰነው እዚያው በጭሱ መካከል ነው። ወጣቶቹ የሚሰሙት ነገሩ ካለቀ በኋላ ነበር።

በዚያ ሰሞን ደግሞ ለአዲስ የቴአትር አዳራሽ የሚሆን ጠመዝማዛ ደረጃ ታዝዞ ነበር። የደረጃው ውበት በመደገፊያው ላይ ነው፤ ወጪ ወራጁ እጁን የሚያሳርፍበት፣ እንደ እባብ የሚጥመለመል አንድ ወጥ እንጨት። ሽቦ ይህን መደገፊያ ሲያስብ ምግብም እንቅልፍም አይታየውም። ከሥራ በኋላ እየቀረ፣ ቀጫጭን የእንጨት ስንጥቆችን በኮላ እያጣበቀና በሞርሳ እየጠመዘዘ፣ ክንድ የሚያህል ናሙና ሠርቶ ከጠረጴዛው ሥር ሸሽጎ ነበር። «አንድ ቀን ይጠይቁኛል» ብሎ ጠበቀ። የጠየቀው የለም። ሰኞ ዕለት ግን ባለመጋዙ ሽማግሌ ከጓሮ እየገቡ «መደገፊያውን ነገ ለአንዱ እንሰጠዋለን» ሲሉ ሰማ።

እንግዲህ በዚህ ምክንያት ነው ማክሰኞ ጠዋት፣ ማሽኖቹ ገና ሳይነሡ፣ ከግንዱ አጠገብ ሄዶ የቆመው።

«አለቃ፣ ሚስማር አለኝ።»

«ስለ ምን?» አሉ አጎቱ፣ ካፖርታቸውን እያወለቁ።

«ስለ ሲጋራ። አሥራ ስምንት ዓመት የሞላው ሰው ማጨስ አለማጨሱን ራሱ ይወስን። አግዳሚውም አይከልከል።»

ከመላጊያው ማሽን በኩል አንዱ «ጡጦውን ሳይጥል» አለና ሳቅ ሆነ። አጎቱ አልሳቁም።

«ዓይንህን በጨው ታጥበህ መጣህ፤ አይደል?»

«ታጥቤ መጣሁ፣ ጋሼ።» በሥራ ቤት «አለቃ» ማለት እንደሚገባው ትዝ ያለው ቃሉ ካመለጠው በኋላ ነው።

«ተናገር።»

«አሥራ ስምንት ሲሞላኝ መጋዙን ሰጡኝ። ጣት የሚበላ መጋዝ። ያን ቀን ‹ገና ልጅ ነህ› አላሉኝም። በጣቴ ከታመንሁ በሳንባዬ ለምን አልታመንም?»

ወጣቶቹ አጉረመረሙ፤ አንዳንዱም ጠረጴዛውን በጉልበቱ ነካ ነካ አደረገ። አጎቱ እስኪበርድ ጠበቁ።

«መጋዝ ይጮኻል» አሉ ቀስ ብለው። «ለሚጮኽ ጠላት ሕፃንም ይጠነቀቃል። ሲጋራ አይጮኽም። እንደ ውኃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው። ለሚያሳስቅ ጠላት ዕድሜ ያስፈልጋል።»

«ሃያ አንድ ሲሞላኝ ይጮኽልኛል?»

«አንተ ልጅ።»

«ለእርስዎስ ጮኸልዎት?»

የአጎቱ እጅ ሳያስቡት ወደ ሸሚዛቸው ኪስ ሄደ፤ የሲጋራ ፓኮአቸው እዚያ ነው። «አልጮኸልኝም» አሉ። «ለዚህ እኮ ነው እኔ የምጮኸው።»

ሽቦ ሚስማሩን አቆመና መታ። የብረቱ ድምፅ እስከ ጣሪያው ጮኸ። ከዚያ ወጣቶቹ ተራ በተራ እየተንደረደሩ መጡ፤ ሚስማሩም እየጠለቀ ሄደ። ከእነርሱ ቀጥሎ ብድግ ያለችው ቫርኒሽ የምትቀባው ልጅ ናት። አንድ ቦታ ስለማትቆም ንቧ ይሏታል።

«አንቺ ደግሞ ምን አገባሽ?» አላት አንዱ። «ጭስ ሲሸትሽ የምታስነጥሺ።»

«አላጨስም፤ ወደፊትም አላጨስም» አለች መዶሻውን እያነሣች። «ግን ሰው ሲጠይቀኝ ‹አለቃ ከልክለውኝ ነው› ከምል ‹አልፈልግም› ብል አይሻለኝም? እናንተ እኮ አለማጨሴንም ነው የወሰዳችሁብኝ።» ብላ ብትመታው ከወንዶቹ ሁሉ አብልጣ አስገባችው። ፉጨት ሆነ።

ከአንጋፋዎቹም አንድ ሁለቱ እየተነሡ መቱ። አሁን የሁሉም ዓይን ወደ ባለመጋዙ ሽማግሌ ዞረ፤ በቤቱ ውስጥ እንደ እርሳቸው የሚያጨስ አልነበረምና መምታታቸውን የተጠራጠረ የለም። እርሳቸው ግን ከተቀመጡበት አልተነሡም። መጀመሪያ ሳሉ፤ ሳላቸው እስኪያልፍላቸው ሁሉም ጠበቀ።

«እኔ የጀመርሁት በአሥራ አራት ዓመቴ ነው» አሉ። «የከለከለኝ አልነበረም፤ ነፃ ነበርሁ። ለማቆም ግን፣ ልጄ፣ አንድ ቀን እንኳ ነፃ ሆኜ አላውቅም። መግቢያው ሰፊ፣ መውጫው ጠባብ የሆነ በር የሠራ አናጢ ምን ይደረጋል?»

«ይባረራል» አለ አንዱ።

«እንግዲህ» ብለው እጃቸውን አጣጠፉ። ከእርሳቸው ጋር ያሉትም አጣጠፉ።

ሚስማሩ የጥፍር ቁመት ያህል ቀርቶታል፤ በዚያም ላይ ወደ ጎን ዘንበል ማለት ጀምሯል። ያልመታም እጁንም ያላጣጠፈ ሰው አለቃው ብቻ ናቸው። ሽቦ ግንዱን ተደግፎ ቆመ። ይህ ሚስማር ከተነቀለ ረፋድ ላይ መደገፊያው በጓሮ በኩል ለሌላ ሰው ይሄዳል።

አጎቱ መጥተው መዶሻውን አነሡ፤ አልመቱም።

«ገባ እንበል። አግዳሚው ላይ ስትቀመጥ መጀመሪያ የምታደርገው ምንድን ነው?»

ሽቦ «እለኩሳለሁ» ሊል አፉን ከፈተ። ትናንት ማታ ከአጥር ጀርባ አንድ ሲጋራ ሞክሮ ዓይኑ እንባ እስኪያቀር ድረስ ስሎ ነበር፤ ሁለተኛው አሁን በኪሱ ውስጥ አለ።

«መደገፊያውን ማን እንደሚሠራው እጠይቃለሁ» አለ።

«ከዚያስ?»

«እኔ ልሥራው እላለሁ።»

«ሲጋራውስ?»

«ሲጋራውማ… የበሩ ቁልፍ መስሎኝ ነው፣ ጋሼ።»

አጎቱ የጓሮውን በር ተመለከቱ። «ሳንባችሁን እጠብቃለሁ ብዬ» አሉ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው፣ «ጭሱን ማር ቀብቼላችኋለሁ ለካ።» ከዚያም እግራቸውን አንፈራጠው ቆሙና የዘመመውን ሚስማር አንድ ጊዜ መቱት። እስከ አናቱ ገባ።

ቤቱ ተናወጠ። ንቧ ከጣውላ ክምር ላይ ወጥታ እጇን አጨበጨበች፤ ሽቦን ከመሬት ያነሡት ሰዎች ማን ማን እንደሆኑ እርሱ ራሱ አላወቀም።

«ደስ ብሎኝ አይደለም የመታሁት» አሉ አጎቱ ድምፃቸውን ከጩኸቱ በላይ አድርገው። «ብትለኩስ ፊቴን ታየዋለህ። መወሰኑ ግን ያንተ ነው። አሁን ሁለት ሰው ከእኔ ጋር ይምጣ።»

ወጥተው አግዳሚውን ተሸክመው ገቡና ከግንዱ አጠገብ አኖሩት። «ሥራ የሚወራው ከእንግዲህ እዚህ ነው። ማጨስ የፈለገ ጓሮው አለለት፤ ቆሞ ያጭስ።»

«በኅዳር ብርድ?» አሉ ባለመጋዙ።

«ብርዱም ይምከርዎት» አለች ንቧ፤ እርሳቸውም ሳይወዱ ሳቁ።

«አንተ ድል አድራጊ፣ ውጣና ለኩስ እንጂ» ብለው ጓደኞቹ ሽቦን ወደ ጓሮው ገፉት። ደረቱን ነፍቶ ወጣ። ጓሮው ውስጥ ማንም አልነበረም። አግዳሚው የነበረበት ቦታ ላይ የእግሮቹ ጉድጓድና የሲጋራ ቁራጭ ብቻ ቀርቷል። ሲጋራውን አወጣ፤ ክብሪት ጫረ፤ ነፋሱ አጠፋበት። ሁለተኛውን ሊጭር ሲል ከበሩ ወዲያ የአጎቱን ድምፅ ሰማ።

«እንግዲህ፣ መደገፊያው።»

ክብሪቱ ከእጁ ወደቀ። ሲጋራውን ጆሮው ላይ ሰካና ወደ ውስጥ ሮጠ፤ በሩጫው የሙጫውን ቆርቆሮ ሊደፋው ምንም አልቀረው። ናሙናውን ከጠረጴዛው ሥር መዝዞ አግዳሚው ላይ፣ በአንጋፋዎቹ መካከል አኖረው። አጎቱ ዓይናቸውን ጨፍነው መዳፋቸውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አስኬዱበት፤ ባለመጋዙም እንዲሁ አደረጉ።

«እዚህ ጋ ሻከር ብሎ እጅ ይይዛል» አሉ አጎቱ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «ሌላው ይሄዳል። ቦታውን ምልክት አድርግበት።»

የአናጢ እርሳስ ማደሪያው ጆሮ ነው። ሽቦ እጁን ወደ ጆሮው ሰድዶ መዘዘና ጎንበስ ብሎ፣ በሙሉ ልቡ፣ አሰመረ። መስመር አልወጣም። ወረቀቱ ተቀደደ፤ ትምባሆው በዚያ ለስላሳ እንጨት ላይ ተበተነ። እርሱ ግን ገና አልገባውም፤ ሁለተኛ ጊዜ አሰመረ።

ሳቁን የጀመሩት ባለመጋዙ ናቸው፤ ወደ ሳል እስኪለወጥባቸው ድረስ ሳቁ። ከዚያ ቤቱ በሙሉ ተከተለ።

«በቃ፣ ወሰነ» አለች ንቧ።

አጎቱ ትምባሆውን ከእንጨቱ ላይ እፍ አሉና ከገዛ ጆሯቸው እርሳስ አውጥተው ሰጡት። «ነገ ጠዋት ትጀምራለህ» አሉት። «ትልቁን ሞርሳ ውሰድ።» ጥቂት ቆይተው ግን የሸሚዛቸውን ኪስ ዳበስ ዳበስ አደረጉና ብቻቸውን ወደ ጓሮ ወጡ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዘመን አልፏል። በዚያ ጠዋት በቤቱ የነበራችሁ፣ ይህን የምታነቡ ከሆነ፣ ማን ከማን ቀድሞ እንደመታ ተሳስቼ ይሆናል፤ የባለመጋዙንም ቃል እንደ ወጣ አልያዝሁት ይሆናል። ያጣመምሁትን አቅኑልኝ።