ባሌን ላማክር

ገርጂ ውስጥ ባለችው ጤና ጣቢያ፣ በነፍሰ ጡሮቹ አግዳሚ ወንበር ላይ «ባሌን ላማክር» ማለት «አልፈልግም» ማለት ነው። ነርሷ ሲስተር ደብሪቱ ይህን ጠንቅቃ ታውቃለች። የኤድስ ምርመራው በፈቃድ እንደሆነ፣ ቀድሞ ከታወቀ ለልጁ መላ እንደማይጠፋ አስረድታ ስትጨርስ፣ አሥራ አንዱም ሴቶች ባላቸውን ሊያማክሩ ተነሡ። ግማሾቹ ባላቸውን በምንም ነገር አማክረው አያውቁም። አንዷማ ባልም የላት።

ሰኪና ግን የዋህ ናትና እውነት መሰላት። ቤቷ ሄዳ የምርም አማከረችው።

ባሏ ሰይድ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ የአሰብ መንገድ ከተዘጋ ወዲህ ጅቡቲ ይመላለሳል። ወሬ ከጀመረ ማርሽ እንጂ ፍሬን የለውም። ስለ ጎማም ይሁን ስለ ሽንኩርት ጠይቁት፣ እስኪታክታችሁ ያወራላችኋል። ያን ቀን ምሳ እየበላ ነበር።

«ለኤድስ ደም ስጡ ብለውናል» አለችው። «ምን ትላለህ?»

የጠቀለለው ጉርሻ አፉ ሳይደርስ ትሪው ላይ ተመለሰ።

«ሰይድ፣ አንተን እኮ ነው።»

ዝም።

ይስቃል ብላ ነበር፤ ቢበዛ ይቆጣል ብላ ነበር። ቁጣውንስ ለምዳዋለች። እጁን ታጠበ፤ ደግሞ ታጠበ። በሩ ጋ ሲደርስ ጀርባውን እንደሰጣት፣ «ያንቺ ደም ሲታይ የኔም ይታወቃል እንዴ?» አለ። መልሷን ሳይጠብቅ ወጣ።

ሰኪና ፈራች። እዚያው ቁጭ አለች። ሆዷን ዳበሰችው፤ ልጁ እንደ ልማዱ ይራገጣል፣ ምን ያውቃል! እንቢ ብትል ማንም አያስገድዳትም። ግን የሰይድን ዝምታ ይዛ እንዴት ትውለድ? ሌሊቱን ሙሉ ዓይኗ አልተከደነም።

በማግስቱ ጠዋት ጤና ጣቢያው ሲከፈት ደጁ ላይ ነበረች። ሲስተር ደብሪቱ ገረማት፤ ላማክር ብላ የተመለሰች ሴት ገጥሟት አያውቅም።

«አማከርሽው?»

«አማከርኩት።»

«ምን አለ?»

«ዝም አለ።»

«ዝም ካለማ ፈቅዷል ማለት ነው» አለች ሲስተር ደብሪቱ፣ ልታበረታታት ፈገግ ብላ።

«ሲስተር፣ ሰይድን አያውቁትም» አለች ሰኪና፣ እጅጌዋን እየሰበሰበች። «እሱ ዝም ብሎ አያውቅም።»