ውሻው የሌለበት ፈተና

«መድማት!» አለች ቨርሊን፣ የጥናት ካርዱ ስልኳ ላይ ብቅ ከማለቱ። ወዲያው ስክሪኑ አረንጓዴ ሆነ፤ መቶ ከመቶ። በኮሌጁ ካፍቴሪያ ወንበር ላይ እንደተቀመጠች እስክስታ ቀረሽ ጭፈራ ጨፈረች። ሃምሳ አንድ ዓመቷ ነው። ጠዋትና ማታ የትምህርት ቤት አውቶብስ ትነዳለች፤ በመሃል ነርስነት ትማራለች። የመድኃኒት ፈተናውን አንዴ ወድቃዋለች፤ ዛሬ እኩለ ቀን ላይ ድጋሚ ትፈተናለች፤ አሁንም ከወደቀች ከፕሮግራሙ ትሰናበታለች።

ፊት ለፊቷ የተቀመጠው ኮርዴል ዛሬ አብሯት የሚፈተን የክፍል ጓደኛዋ ነው፤ በዕድሜ ግን ልጇ ይሆናል። ካርዶቹን ለክፍሉ ሁሉ ያዘጋጀው እሱ ነው። መጀመሪያ ፈገግ አለ፤ ቀጥሎ ግንባሩን ቋጠረ።

«ሚስ ቨርሊን፣ ጥያቄውን አነበቡት እንዴ?»

«ምኑን አነበዋለሁ? አውቀው የለ!»

«እስቲ በአፍ ልጠይቅዎት። ዋርፋሪን የሚወስድ በሽተኛ ላይ ዋናው የሚያሰጋዎት ምንድን ነው?»

ቨርሊን ስልኳን ልታነሳ ስትል ኮርዴል በእጁ ከደነው።

«ውሻውን አሳየኝ» አለች።

«የምን ውሻ?»

«ያንተ ውሻ ነዋ! ባርኔጣ ያደረገው መድማት ነው። ሶፋ ላይ የተኛው ደግሞ የልብ ምት መቁጠር ነው።»

ኮርዴል ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ጥናቱ እንዳይሰለች ብሎ በየካርዱ ላይ የገዛ ውሻውን የተለያየ ፎቶ የለጠፈው ራሱ ነው። ወይ ጣጣ! ለካ ሴትዮዋ መድኃኒቱን ትታ ውሻውን ስታጠና ነው የከረመችው።

«ጉዴ ፈላ!» አለች። «ጭንቅላቴ አርጅቷል ብዬህ አልነበር? በዚህ ዕድሜዬ ምን ነክቶኝ ነው እዚህ የገባሁት?» ዓይኗ እንባ አቀረረ።

የካፍቴሪያው ሒሳብ ተቀባይ ዶት ሁሉንም ስትሰማ ቆይታ ነበር። ከባንኮኒዋ ጀርባ ወጥታ መጣችና ስልኩን ከጠረጴዛው ላይ አነሳች። ፎቶውን በአውራ ጣቷ ከለለችው።

«አንተስ፣ ጎበዙ? ዲጎክሲን የሚባለውን የልብ መድኃኒት ከመስጠትህ በፊት ምን ታያለህ?»

«ሶፋ... ኧረ ማለቴ...»

«አንተም!» ብላ ቨርሊን ጠረጴዛውን በጥፊ መታችው። ሦስቱም ሳቁ። ኮርዴል ሆዱን ይዞ እስኪንፈራፈር ሳቀ፤ የቨርሊንም ያ ያቀረረው እንባ ከሳቋ ጋር ወረደ። ብቻዋን አለመሆኗን ስታውቅ ልቧ ቀለል አላት።

«በቃ፣ እንደ አዲስ» አለ ኮርዴል። «መልሱን ብቻ ማለት አይበቃም። ለምን እንደሆነም እንናገራለን።»

ዶት ስልኩን እንደያዘች ወደ ቦታዋ ተመልሳ በአንድ እጇ ሒሳብ እየተቀበለች ትጠይቃቸው ጀመር።

«ዋርፋሪን!»

«ደም... ደም እንዳይረጋ ያደርጋል» አለች ቨርሊን ቀስ ብላ። «ደም ካልረጋ... ሰውየው ትንሽ ቢቆረጥ ቶሎ አይቆምለትም። እንዴ! መድማት የሚባለው ለዚህ ነው!»

«እሰይ! ያንቺ ሳንድዊች በነፃ!» ብላ ጮኸች ዶት። ሰልፍ ላይ ድንች ጥብስ ይዞ የቆመ ጎረምሳ ቀጣዩን ጥያቄ ልመልስ ብሎ ሲሳሳት ቨርሊን አረመችው፤ ለምን እንደሆነም አስረዳችው። ጎረምሳው ባርኔጣውን አነሳላት።

ፈተናው ላይ ኮምፒውተሩ ጥያቄ እንጂ ሥዕል የለውም። ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ያ ውሻ ድቅን አለባት። ዓይኗን ጨፈነች፤ ለምን? ብላ ራሷን ጠየቀች። መልሱ ተከትሎ መጣ።

ውጤቱ እዚያው ወጣ፤ ሰማንያ ሦስት። ኮሪደሩ ላይ ኮርዴልን ስታገኘው አቅፋ ከመሬት አነሳችው። እሱም አልፏል።

«ኧረ ሚስ ቨርሊን፣ ወገብዎን!»

«ተወው ወገቤን፣ ደስ ብሎታል!»

ለቀጣዩ ሴሚስተር ሊመዘገቡ ተያይዘው ወደ ምዝገባው መስኮት ሄዱ። ከመስታወቱ ጀርባ ያለችው ሴት ቨርሊንን ገና ስታያት መጻፍ ጀመረች።

«እንደ ወትሮው አንድ ኮርስ ብቻ ነዋ?»

ቨርሊን ወደ መስታወቱ ጠጋ አለች።

«ሁለት አድርጊልኝ» አለች።