ቅንጬ አረም ሲያብብ

ወዬሳ በአዳማና በዴራ መካከል ሚኒባስ ሲነዳ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖታል። መስከረም ጠብቶ ዝናቡ ሲያባራ ማስነጠስ ይይዘዋል፤ አፍንጫው እንደ ውኃ ይፈስሳል፣ ዓይኑን ያሳክከዋል። ባለቤቱ ደራርቱ ብርድ ነው ብላ ዝንጅብል ታፈላለታለች። እሱም አየር እንዲያገኝ መስኮቱን ከፍቶ ይነዳል፤ በከፈተ ቁጥር ግን ይብስበታል። ዘንድሮ ትዕግሥቱ አለቀና ከመድኃኒት ቤት ክኒን ገዝቶ ጠዋት ጠዋት መዋጥ ጀመረ። ማስነጠሱ ጋብ ይልለታል፣ ዓይኑ ግን ይከብደዋል።

በጥቅምት አንድ ቀን በጥድፊያ ክኒኑን ሳይውጥ መኪናውን ሞልቶ ወጣ። መልካሳን እንዳለፈ አስነጠሰው። ደገመው። ሦስተኛውና አራተኛው ተከታትለው መጡ። ዓይኑን ሲገልጥ መኪናው ከአስፋልቱ ወርዷል፤ ፊት ለፊቱ የአህያ ጋሪ አለ። ፍሬኑን ረገጠ። ጋሪውን ሊነካው አንድ ክንድ ሲቀረው ቆመ።

ማንም አልተጎዳም። ባለጋሪው አህያውን እየጎተተ ሄደ፤ ቢሰድበው ለወዬሳ ይቀለው ነበር። ወርዶ መኪናውን ዞረው፣ ተመልሶ ገባ፣ እንደገና ወረደ። ተሳፋሪዎቹ ረፈደብን እያሉ ማጉረምረም ጀመሩ።

ጋቢና ተቀምጣ የነበረችው ኡሙሰልማ፣ ዴራ የምትሠራ ነርስ፣ ተከትላው ወረደች። ትኩሳት እንዳለው፣ በየዓመቱም በዚሁ ወር ይነሳበት እንደሆነ ጠየቀችው፤ ትኩሳት እንደሌለው፣ በየዓመቱ ግን እንደሚመጣበት ነገራት። ከዚያ የመንገዱን ዳር የወረሰውን፣ ትንንሽ ነጭ አበባ ያወጣውን ቅንጬ አረም አሳየችው።

«ብርድ አይደለም፣ ወንድሜ። የዚህ አበባ ብናኝ አፍንጫህ ሲገባ ሰውነትህ ጠላት መጣ ብሎ ይዋጋዋል። ማሳከኩም፣ ውኃውም፣ ማስነጠሱም ከዚያ ነው። በየቀኑ ስትስበው ደግሞ ውስጡ እንዳበጠ ይከርማል፤ ያኔ ለማስነጠስ ጥቂቱም ይበቃዋል።»

ወዬሳ ክኒኑን ከኪሱ አውጥቶ፣ ልዋጠውና እንሂድ አላት። የክኒኑን ስም ከማሸጊያው ላይ አነበበችና እንቅልፍ እንቅልፍ ይለው እንደሆነ ጠየቀችው። ትናንት ሳያየው ሊያልፈው የነበረውን መታጠፊያ አስታወሰ።

«ይህን ውጠህ የምትነዳ ከሆነ እኔ በእግሬ እሄዳለሁ» አለችው።

ክኒኑን መዳፉ ላይ ሲያገላብጥ ቆየ። በመጨረሻ ወደ ኪሱ መለሰውና ያን ቀን ሥራ ላልነበረው ባልደረባው ለይትባረክ ደወለ። ይትባረክ በባጃጅ ደርሶ መሪውን ያዘ፤ ወዬሳም በገዛ መኪናው ተሳፋሪ ሆኖ ዴራ ገባ።

ኡሙሰልማ ያገናኘችው ሐኪም እንቅልፍ የማያመጣ ክኒንና በየቀኑ አፍንጫ ውስጥ የሚረጭ መድኃኒት አዘዘለት፤ ቶሎ ለውጥ አትጠብቅ፣ እስኪሻልህም አትንዳ አለው። ወዬሳ ቤት መዋል አላወቀበትም። ከበር እስከ አጥር ይመላለሳል፣ መኪናውን ደጋግሞ ያጥባል። በአራተኛው ቀን ይህ ነገር አይሠራም ብሎ ብልቃጡን ሊጥለው ሲል ደራርቱ ቀማችው። በሁለተኛው ሳምንት በአፍንጫው መተንፈስ ጀመረ።

ሥራ በተመለሰ ቀን መስኮቱን ዘጋ። ተሳፋሪዎቹ በሙቀቱ ተማረሩ፤ ምክንያቱን ሲነግራቸው ገሚሶቹ ሳቁ። አንዴ ብቻ አስነጠሰው። ዳር ይዞ ቆመ፣ ልቡ እስኪረጋ ጠበቀና ቀስ ብሎ ወደ አስፋልቱ ተመለሰ።